ከደጃፌ የሚነሱ አራት መንገዶች

ውድ አሯሯጬ፣

ይህን ስም ያወጣሁልህ በፍቅር ነበር። ዛሬ የምጠራህ ግን በሙያ ትርጉሙ ነው። አሯሯጭ ፊት ፊት ይመራል፣ ነፋሱን ይከላከላል፣ ከዚያ ሩጫው ሳያልቅ ከመስመሩ ወጥቶ ይሄዳል። ማንም አይወቅሰውም፤ ሥራው ነውና።

መጽሐፍህን አየሁት። መጽሐፍ ያልኩት ለክብርህ ነው እንጂ ሃያ ገጽ ነው። በመንደራችን ዙሪያ ያሉ አራት የሩጫ መንገዶች ከነካርታቸው፣ ከነርቀታቸው። ሽፋኑ ላይ ያንተ ስም፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ "በየዳገቱ ላበረታታችኝ እጮኛዬ" የሚል። የቀበሌው አስተዳደር ለእንግዳ ሁሉ በነጻ ያድለዋል። የታተመው አልቆ በሚቀጥለው ወር በድጋሚ እንደሚወጣ ከቢሮው ጸሐፊ ሰማሁ። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው እትም ያለ እኔ ስም እንዲወጣ አልፈልግም።

መንገዶቹን ማን እንዳገኛቸው ታውቃለህ። አንተ ትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ሆነህ ስትመጣ እኔ ሂሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ያችኑ ሜዳ ስትዞር፣ ስትዞር አይቼ "ምን እየፈጨህ ነው?" አልኩህ። ሳቅክና ተከተልከኝ። የወንዙን ዳር፣ የድንጋይ ካባውን ዙሪያ፣ የውሃ ፓምፑን ቤት ዳገት፣ የመቃብሩን ጀርባ አንድ በአንድ አሳየሁህ። ርቀታቸውን የለካሁት በብስክሌቴ ነው። ጎማዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ጨርቁ መሬት በነካ ቁጥር እየቆጠርኩ። አንተ ከኋላ እየሮጥክ ልታሳስተኝ ሌላ ቁጥር ትጮህ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳታስበው ቀረህ። መንገዶቹን የምታውቃቸው ከእኔ ቤት ጀምረህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የምንነሳው ከደጃፌ ስለነበር፣ አራቱንም "ከአረንጓዴው የብረት በር ተነስተው ወደ ግራ ይታጠፉ" ብለህ ጻፍካቸው። ከሁለት ወር ወዲህ ፊቴን ሳልታጠብ የማላውቀው ሰው ደጄ ላይ ቆሞ እግሩን ያፍታታል። አንድ ሽማግሌማ "ልጄ፣ ሽንት ቤቱም እዚሁ ነው?" አሉኝ። እናቴ "ቲኬት ቁረጪላቸው እንጂ" እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን የማላፍርበትን ልንገርህ። ቀንቻለሁ። ቅናት ያልተማረች ሴት ነገር ነው ትለኝ ነበር፤ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቀናሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ላሰጣ ብዬ ጣሪያ ላይ እወጣና አንተንና እጮኛህን አያችኋለሁ። ከደጃፌ ተነስታችሁ አታውቁም፤ በአቋራጭ ሄዳችሁ ከወንዙ ትጀምራላችሁ። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም፣ አሯሯጥ ግን ይለያል። ያንተ ቀኝ ትከሻ ዝቅ ይላል። የሷ እርምጃ አጭርና ፈጣን ነው፣ እንደ ስፌት መኪና መርፌ። ከፓምፑ ቤት ጀርባ ስትሰወሩ ሰዓቴን አያለሁ። አራት ደቂቃ። ከእኔ ጋር ስትሆን እዚያ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ አታውቅም፤ "ደወሉ ሊደወል ነው" ብለህ ጉንጬን ስመህ ትነሳ ነበር። አራት ደቂቃውን በሳምንት፣ በወር፣ በዓመት አባዛሁት። ተማሪዎቼ የዚያ ሰሞን ፈተና ለምን እንደዚያ እንደከበዳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እንደተለመደው እንግዳ ነው ብዬ ስከፍት እሷ ናት፣ ፋርማሲስቷ እጮኛህ። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ውጭ ቀርቤያት አላውቅም። መጽሐፍህን ጠቅልላ ይዛለች።

"ይቅርታ እህቴ፣ በጠዋት መጣሁብሽ። እሱ ሁልጊዜ ከወንዙ ነው የሚያስጀምረኝ። ዛሬ ሙሉውን ልሞክረው ብዬ ነው።" ፈገግ አለችና፣ "ደሞ ዘመዳሞች ልንሆን እስካሁን አለመተዋወቃችን ነውር ነው" አለች።

"ዘመዳሞች?"

"የአክስቱ ልጅ አይደለሽ እንዴ? ይሄ በር የማነው ብዬ ስጠይቀው ነገረኝ።"

ሦስት ዓመት አብሬህ ሮጬ የደረስኩበት ማዕረግ ይሄ ነው። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብለህ የተውከኝ ቀን እንኳ እንዲህ አላቃጠልከኝም። ሰው የተዋትን ሴት ይረሳታል፣ ቢብስ ያማታል። አንተ የዘር ሐረግህ ውስጥ ከተትከኝ።

"ቆይ ጫማዬን ላድርግ፣ አብሬሽ ልሩጥ" አልኳት።

ሐሳቤ ደግ አልነበረም። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አሳጥቼ፣ እዚያው ጥያት ልመለስ ነበር። ፍጥነት ጨመርኩ፣ ጨመረች። ደግሜ ጨመርኩ፤ እሷ ስለ ሠርጉ አዳራሽና ስለ ወንበር ኪራይ ወሬዋን ሳታቋርጥ አብራኝ ነጎደች። ከዚያ ዳገቱን ቀድማኝ ወጣች። ከልቤ የጠላኋት ያን ጊዜ ነው። አንተን ወሰደች፣ ይሁን። ያንን ዳገት ግን ከእኔ ቀድማ የወጣች ሴት አልነበረችም።

ፓምፑ ቤት ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። "እሱ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይቆማል" አለች። "ጎኔን ወጋኝ ይልና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ። እኔ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ወፍሯል እኮ፣ እንዳትነግሪው።"

ለካ አራቱ ደቂቃ ይሄ ነው። ልስቅ ይገባኝ ነበር፤ ግን የባሰ ቀናሁ። እኔ ፊት አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ብለህ አታውቅም። እኔ ፊት ጎንህ እየወጋህ ትሮጥ ነበር፣ እሷ ፊት ግን ተቀመጥክ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አለች ፋርማሲስቷ። "ከእሱ ዘመዶች አንቺን ሚዜ ላደርግሽ አስቤያለሁ። ዝርዝሩን እየጻፍኩ ነው። በእናቱ በኩል ነሽ በአባቱ?"

ዝም ማለት እችል ነበር።

"በሩጫ በኩል" አልኳት።

ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ አቆመች።

"እናቴ ወንድምም እህትም የላትም" አልኳት። "ለማንም አክስት ልትሆን አትችልም።"

 ከዚያ፣ መድኃኒት ስትሰጥ ዕድሜ በምትጠይቅበት ድምፅ፣ "ስንት ዓመት?" አለች።

"ሦስት።"

"መንገዶቹስ?"

"አራቱም የእኔ ናቸው። ጎማ እየቆጠርኩ ነው የለካኋቸው።"

መጽሐፍህን ገልጣ የመጀመሪያውን ገጽ አየችው። አልቀደደችውም፣ አልጣለችውም። መልሳ ጠቀለለችውና "ከዚህ ወደ እሱ ቤት ቶሎ የሚያደርሰው የቱ ነው?" አለችኝ።

አንድ ያላሳየሁህ መንገድ አለ። ከፓምፑ ቤት በታች በፈረሰው አጥር ሾልኮ፣ በንብ ቀፎዎቹ መሀል አልፎ፣ ከቤትህ ጓሮ ይወጣል። ስንዋደድ ለምን እንደደበቅኩህ አላውቅም፤ የሆነ ነገር ለራሴ ማስቀረት ፈልጌ ይሆናል። ለእሷ ግን አሳየኋት። እስከ አጥሩ አብሬያት ወርጄ በእጄ ጠቆምኳት። ቁልቁለቱ ላይ እንኳ እርምጃዋ አልተዛነፈም። እዚያም ቆሜ ቀናሁባት። እሷ ላቧ ሳይደርቅ ፊትህ ቆማ የምትጠይቅህን፣ እኔ በጊዜው ሳልጠይቅህ ውጬው ቀርቻለሁ።

ይህ ደብዳቤ ቢሮህ ሲደርስ እሷ ከደረሰች ቆይታለች። የምትባባሉት የእናንተ ጉዳይ ነው። ብትታረቁ አንጀቴ እንደሚያር አልደብቅህም፣ ብትለያዩም ወደ እኔ የሚመልስ መንገድ እንዳትፈልግ። የእኔ ጉዳይ መጽሐፉ ነው። ሰኞ ጠዋት አስተዳደሩ ጋ እገባለሁ፤ የለካሁበትን ደብተር፣ ቀኑን፣ የዙሩን ብዛት ይዤ። ቀድመኸኝ ብታስተካክለው ላንተ ይሻልሃል፤ እኔ እንደሆንኩ ዘንድሮ አልደክምም።

ከዚህ ደብዳቤ በታች ስሜን አልፈርምም። የሚፈረምበትን ቦታ ታውቀዋለህ፤ ሽፋኑ ላይ ነው፣ ካንተ ስም በላይ።