ከግንቡ ማዶ የሚያሳየው ካርቶን

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1970 ዓ.ም.

ዛሬም የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ዋልኩ። ለቅዳሜው የሳይንስ ኤግዚቢሽን 8ኛ «ለ» እየተንጫጫ ነው። አንዱ እንቁላል ጨው ውሃ ላይ ያንሳፍፋል። ሌላው ውሃ የሞላ ብርጭቆ በወረቀት ከድኖ ይገለብጣል፤ ጠብ አይልም። ዘይነባ ፔሪስኮፕ መርጣለች። የሳሙና ካርቶን፣ ሁለት የኪስ መስተዋት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ሁለቱም ሰያፍ፤ ከከለላ ማዶ ያለውን ያሳያል። ጎበዝ ልጅ። ር/መምህሩ በየሥራው ላይ መፈክር ይለጠፍ ይላል። እንቁላሉም አብዮተኛ ሊሆን ነው!

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ማስታወሻዬ፣ ይህን ለማን ልንገር? የዘይነባ ወንድም ሰኢድ ቀበሌ ከታሰረ ወራት አልፈዋል። እስር ቤቱና ት/ቤታችን አንድ ግንብ ይጋራሉ። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር፣ አሰብ መንገድ ላይ ናቸው። እናትየው ወ/ሮ ፋጡማ ያበስላሉ፣ ዘይነባ ምሳ ሰዓት ላይ ለጥበቃው ታስረክባለች፣ የትናንቱን ሳህን ትቀበላለች። ባዶ ከመጣ ልጁ በልቷል፣ አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጡ» የተባለ ቤት ግን አለቀለት። መርዶ ነጋሪያችን የበር ጠባቂ ሆኗል።

ሐሙስ፣ ጥር 18፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በምሳ እረፍት ውጡና ሞክሩት ያልኳቸው እኔው ነኝ። ዘይነባ ሳህኑን አስረክባ በቀጥታ ወደ ግንቡ። ካርቶኑን ብቅ አደረገች። ቆየች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቲቸር፣ ምግቡን የሚበሉት እነሱ ናቸው» አለችኝ።

ጥበቃዎቹ የእናቷን ሳህን ከበው ይጎርሳሉ። እስረኞቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም አየች፣ ሰኢድ የለም። ከግንቡ ሥር የነበረው አብሮት የተያዘው የጎረቤት ልጅ ቀና ሲል መስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን አየ። አወቃት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ ከዚያ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ።

ምናልባት ታሞ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል አልኳት። አላመነችኝም። እኔም አላመንኩም። ለእናቴ እንዳትነግርብኝ ብላ አስማለችኝ።

ዓርብ፣ ጥር 19

ወ/ሮ ፋጡማ ዶሮ ሠርተው ላኩ። ልጄ ከስቶ ይሆናል ብለው። ዘይነባ ለጥበቃው አስረከበች። እጅ ነሥታ! ካልወሰደች እናቷ ይጠይቃሉ፣ ከተናገረች ደግሞ ልቅሶው ይሰማል፣ ማን ነገራችሁ ይባላል፣ ካርቶኑ ይመጣል፣ እሷ ትመጣለች፣ እኔም እመጣለሁ። ይህን ሳሰላ ዋልኩ። የፊዚክስ መምህር ነኝ አይደል፣ ማስላት እችላለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

የቀበሌው ሊ/መንበር መጥቶ ኤግዚቢሽኑን ከፈተ። ፔሪስኮፑን ሲያይበት እንደ ሕፃን ሳቀ። ጠላትን ለመከታተል ይጠቅማል አለና አንደኛ አወጣው፤ ለጥበቃ ጓዶች ይሰጥ ብሎም ይዞት ሄደ። ዘይነባን ጨበጣት። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ልጅቱ በጭብጨባው መሃል ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየት ምን ላድርገው?

እሑድ፣ ጥር 21፣ ማታ

በመስጊዱ በኩል ሳልፍ ወ/ሮ ፋጡማ ከገበያ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ሥጋ ይዘዋል። ሰኢድ ምግቡን ጥርግ አድርጎ እየበላ ነው፣ አልሐምዱሊላህ አሉኝ። ዘይነባን ስላስተማርክልኝ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም።

መሐላዬን አፈርሳለሁ። የሚመጣው ይምጣ። ነገ በጠዋት ቤታቸው እሄዳለሁ። ድስቱን ሳይጥዱት መድረስ አለብኝ።