ባንድ ስም ሁለት ኪኒን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሐጀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ኸይረዲንስ፣ ልጆቹስ? ወራቤ ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ፣ ባለቤቴ ዱንያና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም «ደህና ናት» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ባለፈው እናታችን «አዳልጦኝ ወደቅኩ፣ እጄን ትንሽ አመመኝ» ያለችሽ እውነት አይደለም። እጇ ተሰብሯል፤ የጣልኳትም እኔ ነኝ።

ከአንቺ ቤት ይዣት ስመጣ ከግፊት መድኃኒቷ ካርቶን ላይ ስሙን በመቀስ ቆርጠሽ «ስትገዛ ከዚህ ጋር አስተያይ፣ መልኩን አይተህ እንዳትሰጣት» ብለሽኝ ነበር። ሳቅኩብሽ። አሥራ ስምንት ዓመት የልብስ ቁልፍ የሸጥኩ፣ ነጭን ከነጭ የምለይ ሰው ኪኒን ይጠፋኛል? ቁራጯን ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። ኪኒኖቿንም ከማሸጊያቸው አውጥቼ ቁልፍ በምሸጥባቸው ትንንሽ ላስቲኮች ከፋፈልኳቸው፤ ነጯ የግፊት፣ ቢጫዋ የስኳር። ኩራቴን ብታዪው!

በመስከረም መጨረሻ አዲሱን ማዘዣ ይዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ነጯ አልቃባቸው ኖሮ ሮዝ ኪኒን ሰጡኝ። ልጅቷ ረጋ ብላ ታስረዳኛለች፣ እኔ በአንድ ጆሮዬ ከክፍለ ሀገር ደንበኛ ጋር በስልክ አወራለሁ። «የግፊት» ያለችውን ብቻ ሰማሁ፤ ሐኪሙ የጨመረላት መሰለኝ። ቤት ነጩ ገና አላለቀም ነበርና ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት አብሬ ሰጠኋት።

በሁለተኛው ቀን «ሙደሲሬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው? ራሴን እያዞረኝ ነው» አለችኝ። ረፍዶብኝ ነበር። «ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ዋጪው» ብያት ወጣሁ። እትዬ፣ ይቺ ቃሌ ናት የምታንገበግበኝ። በአምስተኛው ቀን ለዙህር ሰላት ውዱእ ልታደርግ ወደ መታጠቢያው ስትነሳ ተዝለፍልፋ ቀኝ እጇ ላይ ወደቀች።

ሐኪሙ «የነጩ ስም ማን ነው?» አለኝ። ላስቲክ ላይ ምን ስም አለ? ሱቅ ሮጬ መሳቢያውን ብገለብጠው ያቺ ቁራጭሽ ከቁልፎቹ ሥር ወጣች። የሮዙ ኪኒን ካርቶን ላይ ያለው ስም ያው ነው፤ የተለየው ፋብሪካው ብቻ። አንዱን መድኃኒት እጥፍ ስሰጣት ሰንብቻለሁ።

እሷ ግን ለሐኪሙም ለጎረቤቱም «ረስቼ ደግሜ ውጬ ነው» አለች። አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ከስህተቴ ዝምታዬ ይብስብኛል።

አሁን ግፊቷ ተስተካክሏል፤ ጀሶው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይፈታል ብለዋል። መድኃኒቱንም ከነካርቶኑ አስቀምጣለሁ፣ ከቁራጭሽ ጋር ሳላስተያይ አልሰጣትም። ከቻልሽ መጥተሽ እያት። በፊቷ ብትቆጪኝም ይገባኛል።

ጋሼ ኸይረዲንን ሰላም በይልኝ። ኢክራን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ፤ ፉርቃንን ደግሞ አጎትህን ናፍቀኸዋል በይልኝ። ዱንያ ሰላም ብላሻለች። እናታችን ይህን መጻፌን አታውቅም። ቀኝ እጇ ስለታሰረ፣ በግራ መቀበልም ነውር ስለሚሆንባት፣ ጠዋት ኪኒኑን ይዤ ስመጣ አፏን ትከፍትልኛለች። ከወደቀች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ወንድምሽ ሙደሲር
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.