ገና አላለቀም

ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» የሚላቸው ወንድማችን ከአባታቸው ከጫማ ሰፊው፣ ከእናታቸው ከአዋላጅ ነርሷ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የቴክኒክ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ ሆነው አገልግለዋል። ፎቅና ፎቅ መካከል ተይዞ የሚጮኸውን ሰው በጣሪያው ቀዳዳ አጮልቀው እያጫወቱ ያወጡት ነበር።

የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያፈሰሱት አንድ የሙዚቃ ሸክላ ላይ ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት የፈረንጅ ሙዚቃ ነበር፦ አንዱ ዘፈን የሸክላውን ሙሉ ገጽ የሚይዝ፣ ምቱ ለመድኩት ሲሉት የሚቀየር፣ ኦርጋኑና ጊታሩ እንደ ባልና ሚስት የሚከራከሩበት። ዘመድ «የበሽተኛ ዘፈን» አለው። እርሳቸው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለቱ ጓደኞቻቸው፣ ከጥርስ ሐኪሙና ከአውቶቡስ ሹፌሩ ጋር፣ በር ዘግተው ያዳምጡት ነበር። ዘፈኑ መሐል ላይ ጭጭ ይላል። እንግዳ አለቀ ብሎ ሲነሳ ሦስቱም «ቆይ! አላለቀም!» ብለው ይጮሁበታል። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚያ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ትዳር መሠረቱ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ባለቤታቸው ያን ሸክላ ተውሰው ሲመልሱ «መጨረሻ ላይ ያለው ዋሽንት አስለቀሰኝ» አሏቸው፤ እስከዚያ ድረስ የሰማ ዘመድ አልነበረማ! በሠርጉ ዕለት ዘፈኑ ጭጭ ሲል፣ ታላቅ ወንድማቸው አጨብጭበው የማጫወቻውን መርፌ አነሱና ሌላ ሸክላ አስገቡ። ሙሽራው በሳቅ አለፉት። ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ባለቤታቸው አልጋው አጠገብ ሲያስታምሙ፣ ታላቅ ወንድማቸው ቤቱን ላጽዳ ብለው ዕድሜ ልካቸውን ያሰባሰቧቸውን ሸክላዎች ለአሮጌ ዕቃ ገዢ አስረከቡ። ሲጠየቁም «ላይመለስ ምን ያደርግለታል?» አሉ።

ተመለሱ። ባዶውን መደርደሪያ ፊት ለፊት እያዩ አራት ወር ኖሩ። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ላይ እንዳይጻፍ ታላቅ ወንድማቸው አሳስበው ነበር። ጸሐፊዋ ታናሽ እህታቸው ሆድ ይፍጀው ልትል ሞክራ ሆዷ እምቢ ብሏታል፤ በቁም መቅበር ማለት ይኸው ነውና።

የተረፈው ያ የመጀመሪያው ሸክላ ብቻ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ተውሰው አልመልስ በማለታቸው ስንት ጊዜ «ሌባ» ተብለዋል፤ ሌብነታቸው አዳነው። ይዘውት መጡ፤ ሦስቱ እንደ ድሮው በር ዘጉ። ጋሽ ቆይም «ስቀበር ይሄን አሰሙልኝ፤ እስከ መጨረሻው» ብለው አደራ አሉ። የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ትናንት ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው «ለወጉ ትንሽ ይሰማና ይቁም» ሲሉ ተሰሙ።

አይቆምም።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ወንድም እህቶቻቸውንና ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ፈጣሪ ያጽናልን፤ ነፍሳቸውንም ማንም በማያቋርጣቸው ስፍራ ያሳርፍልን። አሁን ሸክላው ይከፈታል። መሐል ላይ ጭጭ ይላል። ማንም እንዳያጨበጭብ፣ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ፤ ታላቅ ወንድማቸውም ቢሆኑ። ዋሽንቱ ገና ነው።