ስላልተቆረጠው የዶኛ ኤርሚንዳ ክሊፕ

ለተከበሩ ዶን ኤቫሪስቶ ኦሳንዶን፣
የ«ወደብ ፋኖስ» የሙዚቃ ቪዲዮ ሽልማት ዳኞች ሰብሳቢ
ቫልፓራይሶ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይ ስልሳ ሁለት ቪዲዮ በአንድ ቀን ተኩል አይቶ የጨረሰ ዐይንዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሎይካ ኮረብታዋ ፀጉር ሠሪ ሬናታ ካትሪሌዎ ነኝ፤ «ምርጥ ፈጠራ» በሚለው ዘርፍ ተወዳድረን በሁለት መስመር ደብዳቤ ከተሰናበትን ጎረቤታሞች አንዷ። ምስጋናዬን በቁጥር ባስቀምጠው ይቀልዎታል ብዬ አሰብኩ።

፩. ቅጹ ላይ «የኤዲተር ስም» የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነና ቪዲዮው አንድም ቦታ ስላልተቆረጠ «ያልተጠናቀቀ ሥራ» ብላችሁ ስለጣላችሁልን እናመሰግናለን። እኛ ሞኞቹ ቁም ነገሩ አለመቆረጡ፣ ካሜራው ሳይጠፋ በአንድ ጊዜ መቀረጹ መስሎን ነበር። እኔ ካሜራዬን ይዤ የኮረብታችንን መቶ ስልሳ ሦስት ደረጃ የኋሊት እየወረድኩ፣ ጎረቤታችን ዶኛ ኤርሚንዳ እየዘፈኑ ሲከተሉኝ፣ ከየመስኮቱ የተለቀቀው ሰማያዊ አንሶላ ደረጃውን ባሕር ሲያስመስለው፣ ዓሣ ሻጩ ፓስኩዋል በወንበር የሠራውን ጀልባ እየቀዘፈ ብቅ ይላል። አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁላችንም ሽቅብ ወጥተን ከሀ እንጀምራለን። አሥራ አንድ ጊዜ ወጥተናል። በዘጠነኛው ጊዜ አንድ ውሻ አንሶላውን ነክሶ ሲሮጥ ፓስኩዋል ከጀልባው ሳይነሳ «በቃ እሱ ይቀጥል፣ እኔ ልውረድ፤ ከኔ የተሻለ ይተውናል» አለን።

፪. አሸናፊውን ቪዲዮ በጽሞና ተመለከትኩት። አንድ ወጣት በሦስት ደቂቃ ዘጠኝ ጃኬት ይቀይራል። ቅጹ ግን እንከን የለውም አሉ።

፫. ዶኛ ኤርሚንዳ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሰኞ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ መዝፈኑን ይርሱት ብሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲያጥቡ የሚዘፍኑበት ድምፅ የተቀረጸው በዚህች ቪዲዮ ብቻ ነው። አሸናፊዎቹ ቅዳሜ አደባባይ ላይ እንደሚታዩ ሰምተው ፀጉራቸውን እንድሠራቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ደብዳቤያችሁን ሳነብላቸው «ቆራርጠሽ ብትልኪላቸው ምን ነበረበት ልጄ? አንዴ ሰው ፊት ቢሰማልኝ እኮ ይበቃኝ ነበር» አሉኝ። ለዚህ የሚሆን ቀልድ አላገኘሁም፤ አናዶኛል።

ስለሆነም ውሳኔያችሁን እያከበርን፣ ቪዲዮውን ቅዳሜ ጨለም ሲል ራሳችን እናሳያለን። የጽሕፈት ቤታችሁ የጀርባ ግድግዳ ልክ ከደረጃችን ግርጌ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ነጭ ነው፤ ከዚያ የተሻለ አላገኘንም። ከትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ተውሰናል፤ ሰዉ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ ዶኛ ኤርሚንዳም ፀጉራቸው ተሠርቶ ከፊት። ለእርስዎም ከኋላቸው ቦታ ይዘናል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለቅጾችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ሬናታ ካትሪሌዎ
ፀጉር ሠሪና ያልተጠናቀቀች ካሜራ ያዥ

ማሳሰቢያ፦ ግድግዳው ላይ «ፈጠራን እናበረታታለን» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅላችኋል። ልክ የዶኛ ኤርሚንዳ አፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለዋለ፣ ለአራት ደቂቃ ብቻ ብታወርዱልን።