የከሰል ተራ ብልሃት ለንደን ላይ

ለንደን፣ ኅዳር 1972

ወለቴ፣ ጉድ ልንገርሽ!

ካርዱ ላይ ያለውን ድልድይ ገና አላየሁትም፤ የማየው ስልክ ብቻ ነው። እዚህ ነዳጅ የሚሸጠውም የሚገዛውም በስልክ ነው። ዛሬ አለቃዬ ጋሽ መሸሻ «ለአገር ቤት የሚሄደውን ላምባ አንቺ ተደራደሪ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። አንድ መርከብ ሙሉ! ሻጩ ዋጋው ላይ ድርቅ አለ። እኔም እማዬ ኮልፌ ከሰል ስትገዛ እንደምታደርገው «እንግዲያው ይቅርብኝ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ጋሽ መሸሻ ክው አሉ። «ምን ነካሽ ልጄ? ሰውየው እኮ ጥለሽው ስትሄጂ አያይሽም! አገር ቤት ላምባ አልቋል እኮ!» የደነገጥኩት ያኔ ነው። ከሰል ተራ ቢሆን እግሬን ጎተት እያደረግሁ ራቅ እል ነበር፤ እዚህ ወዴት ልሂድ? ስልኩ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

የጋሽ መሸሻ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው እየሳቀ «እሺ፣ ባልሽው ይሁን» አለኝ። ሙች ወለቴ፣ «ነይ እንጂ፣ ምን ያስኮርፍሻል!» የሚሉትን የሰፈራችንን ከሰል ሻጮች በእንግሊዝኛ የሰማሁ መሰለኝ። ጋሽ መሸሻ ግንባሬን ሳሙኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝና ብልሃቷ ለንደንም እንደሚሠራ ንገሪያት። ስሄድ «ምን ታመጪልኛለሽ?» ብለሽኝ ነበር አይደል? ስጦታሽ በመርከብ እየመጣ ነው፤ ጀሪካንሽን ይዘሽ ቀበሌ ተሰለፊ!

ያንቺው ብርቅዬ