በበረዶ የተሸጠ ድንች

ሳምሶ ደሴት፣ ፌብሯሪ 20

ውድ ልጄ ኤስበን፣

ስፔን ፀሐይ አይጠፋም አሉ፤ ደስ ይበልህ። እዚህ የድንች መሸጫ ዳሳችንን በረዶው እስከ ወገቧ ውጧታል። አባትህ ደህና ነው፤ ጉልበቱን ግን እንደ ልማዱ ይረግማል።

በገና ሰሞን ጓደኛህ ነኝ ያለ ልጅ ደወለልኝ። በኢንተርኔት ዕቃ እንደሚሸጥ፣ የባንክ ሂሳቡ ለጊዜው እንደተዘጋበት ነገረኝ። ገዢዎቹ ገንዘቡን በዳሳችን የስልክ መክፈያ ቁጥር ይልካሉ፤ እኔ ለድካሜ ትንሽ አስቀርቼ ወደ ሰጠኝ ሂሳብ አስተላልፋለሁ። ገዢው ድንቹን ራሱ አንስቶ ሂሳቡን የሚጥልበት፣ ጠባቂ የሌለው የገንዘብ ሣጥን መንገድ ዳር አስቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ ያልተሰረቀ ሰው ምን ይጠረጥራል? አባትህማ፣ ስልኬ ክፍያ ገባ ባለ ቁጥር፣ በበረዶ ድንች የሚገዛው ማን ነው እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ።

ባለፈው ሳምንት አስትሪድ የሚባሉ አሮጊት ከጀልባ ወርደው በራችንን አንኳኩ። ከባንክ ነው የምንደውለው ያሏቸው ሌቦች የጡረታ ቁጠባቸውን አራቁተዋቸዋል። ገንዘቡ የተላከበት ስም የኛ ዳስ ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ በመስኮት ሣጥኑን አዩና፣

"ማን ይጠብቀዋል?" አሉኝ።

"ማንም።"

"እንግዲያው አንቺንም እንደኔው ነው የሸወዱሽ።"

ከጓዳ ድንች አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲወጡ ዳሷ ጋ ቆሙና ሳንቲም ሣጥኑ ውስጥ ጣሉ። ያን ሁሉ ተዘርፈው! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ፖሊስ መጣ። ደዋዩን እንዴት አመንሽው አለኝ። ስለሞተው ውሻችን አጽናናኝ አልኩት። ያልነገርኩት፣ ደዋዩ ውሻውን "ሙሲ" ብሎ መጥራቱን ነው። ሁላችንም ትሮልድ ነበር የምንለው። ሙሲ የሚለው፣ አልጋው ውስጥ ደብቆ የሚያስተኛው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፖሊሱ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። አንዴ ዝም ብያለሁ፤ እኚያን ሴትዮ ካየሁ ወዲያ ግን ሁለተኛ አልችልም። አባትህ ስላንተ ምንም አያውቅም። አልጋህን አንጥፌዋለሁ። ረቡዕ ማታ በሚገባው ጀልባ ና፤ ሐሙስ እኔ ሳልናገር አንተው ተናገር፣ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጄ።

እናትህ ቦዲል