አንካሳ ፈረስ ለጅብ እንዳይጣል የታገሉት የወ/ሮ የወርቅውሃ ስለሺ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ የወርቅውሃ ስለሺ ኅዳር 12 ቀን 1965 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ፣ የሚካኤል ደወል እየተደወለ ሳለ፣ ከአባታቸው ከአቶ ስለሺ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትሁን አሊጋዝ በወሎ ተወለዱ። አባታቸው የጉግስ ፈረስ ስለነበራቸው፣ በእግራቸው ሳይጸኑ ኮርቻ ላይ ተቀምጠዋል ይባልላቸው ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወላጆቻቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። በሰፈራው መንደር እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ከወለጋ መጥተው ባምባሲ ላይ ጋሪ ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ለሜሳ ዱጉማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሕብረትንና ቀነኒን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ከጋሪ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። አሶሳ ላይ ያከሟቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አቶ ሰራዊት፣ "አጥንትዎ ገጥሟል፤ እግርዎ ግን መራመድ ረስቷል" ብለው መራመድን እንደገና አስለመዷቸው። ወ/ሮ የወርቅውሃም ቀጥ ብለው በሄዱ ዕለት፣ ይህ ለፈረስ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሰራዊት ሳቁ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ባምባሲ እየመጡ አብረው መሞከር ጀመሩ። አንዱ ጡንቻን፣ ሌላዋ ፈረስን ተማማሩ።

በአካባቢያችን ልማድ ያነከሰ የጋሪ ፈረስ ትከሻው በጋለ ብረት ይተኮሳል። ካልዳነ ከከተማ ውጭ ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። በ2008 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የአቶ ኢዘዲን ፈረስ ዳማ የኋላ እግሩን መጎተት ሲጀምር፣ አቶ ኢዘዲን "ኸላስ፣ ይሄ ፈረስ አለቀ" ብለው ሊለቁት ተነሡ። የቤተሰባቸው እንጀራ በዚያ ፈረስ ላይ ነበር። ወ/ሮ የወርቅውሃ ልጓሙን ይዘው አለቅም አሉ። አቶ ኢዘዲን ጦም እንዳያድሩ ከባለቤታቸው ከአቶ ለሜሳ ጋር ተመካክረው የራሳቸውን ፈረስ በየተራ ሰጧቸው። ሁለት ቤት በአንድ ፈረስ ማደር ጀመረ።

ወ/ሮ የወርቅውሃ ዳማን ከኋላው እየሄዱ አዩት፤ አዙረው አዩት፤ ወገቡን በመዳፋቸው ዳሰሱ። አንደኛው ጎኑ ከሌላው ከስቶ ነበር። ምክንያቱንም አገኙት፦ ጋሪዎቻችን መኪና በመፍራት ሁልጊዜ የአስፋልቱን ቀኝ ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ፤ ጠርዙ ዘቅዛቃ ስለሆነ ፈረሱ ሲሄድም ሲመለስም አንድ ጎኑን አዝምሞ ይኖራል። ስለዚህ በሙቅ ጨርቅ እያሹ፣ በወንዝ አሸዋ እያራመዱ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ቀርከሃ እያሻገሩ የደከመውን ጎን አጠነከሩ። የጋሪ ነጂዎቹ፣ "እትዬ የወርቅ፣ ክራንቹን መቼ ነው የምትገዢለት?" እያሉ ይስቁ ነበር። እሳቸውም "ለአንተ ወገብ ይተርፋል፣ ቀና ብለህ ንዳ!" ይሏቸው ነበር።

አቶ ኢዘዲን ቸኩለው ዳማ ላይ ማሽላ ጭነው እግሩ እንደገና ያበጠ ጊዜ ሁሉም አበቃለት ብሎ ነበር። ወ/ሮ የወርቅውሃ ግን ሳይቆጡ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ክረምቱ አልፎ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በገበያ ቀን፣ ዳማ በቆሎ የሞላ ጋሪ እየሳበ ዳገቱን ሳይቆም በሶምሶማ ወጣው። አቶ ኢዘዲን ጋሪውን ትተው ከጎኑ እየሮጡ "ወላሂ ሄደ! ወላሂ ሄደ!" ሲሉ ገበያው በእልልታ ቀለጠ። በማግስቱ ሲስቁባቸው የነበሩት ነጂዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው ደጃቸው ተሰለፉ።

ከዚያ ወዲህ ከባምባሲ እስከ ሸርቆሌ እየዞሩ ፈረስና አህያ መርምረዋል፤ ነጂዎችንም አሠልጥነዋል። ሊለቀቁ የነበሩ ብዙ ፈረሶች ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። የተተኮሰ ትከሻ ማየትም በከተማችን ብርቅ ሆኗል።

ወ/ሮ የወርቅውሃ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ለሜሳን፣ ልጆቻቸውን ሕብረትንና ቀነኒን እንዲሁም አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። የወደቀውን የሚያነሣ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ዘንድ ያሳርፍ፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥ።

በዚያው ሐሙስ ጠዋት፣ ቤቱ በለቅሶ ላይ ሳለ፣ መርዶውን ያልሰሙ አቶ ሚፍታህ የሚባሉ ገበሬ የሚያነክስ ፈረስ እየሳቡ መጡ። ሕብረት ዕንባዋን ጠርጋ ከፈረሱ ኋላ ሄዳ አየችው። አሁን ፈረሱ ግቢያቸው ውስጥ ነው።